ባለ ሰባት አሃዝ ቁጥርን በእጅ መፍታት፦ ከአንዲት የሎተሪ ትኬት ተነሥተን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ዋርካ ሥር ተማሪዎች አስጠናለሁ። ሰሌዳ የለንም። ያለን ደብተር፣ እስክሪቢቶና የስልክ ካልኩሌተር ነው፤ ከሰዓቱ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ደብተሩን የሚይዝ ድንጋይ። አንድ ቀን ሎተሪ አዟሪ ልጅ አጠገባችን ቆሞ አልሄድ ሲለኝ አንዲት ትኬት ገዛሁ። ቁጥሯ 1484028 ነበር። አንዷ ተማሪዬ ትኬቷን አገላብጣ አየችና «ቲቸር፣ ይሄ ቁጥር ምን የተለየ ነገር አለው?» አለችኝ።

ለዕጣው ምንም የተለየ ነገር የለውም፤ 1484028 የመውጣት ዕድሉ ከ 1111111 ጋር እኩል ነው። ለሒሳብ ግን እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ መልክ አለው። ያን መልክ በወረቀት ለማውጣት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አካሄዱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ትልቁን ቁጥር እንደ ትልቅነቱ አትግጠሙት። መጀመሪያ ፊቱን አንብቡ፣ ከዚያ እየከፈላችሁ አሳንሱት፣ በመጨረሻ ከትናንሾቹ ስባሪዎች ጠባዩን ሁሉ ታነቡታላችሁ።

አንድ ቃል ብቻ አስቀድመን እንያዝ። ፕራይም ቁጥር የምንለው ከ 1 የሚበልጥና ከ 1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይቀጥላል። ከ 1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወይ ራሱ ፕራይም ነው፣ ወይ የፕራይሞች ብዜት ነው፤ የሚበተነውም በአንድ መንገድ ብቻ ነው። የምንፈልገው ያን ብትን ነው።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን በትክክል ገልብጡ

ይህን እንደ ቀልድ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አልፌው ነበር። ያን ቀን ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና ሁሉም ጻፉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያቺው ተማሪ «ለ 7 አይካፈልም» አለች። እኔ ደግሞ ይካፈላል አልኩ። ተከራከርን። ሁለታችንም የአሃዞቹን ድምር ወሰድን፤ የእኔም 27፣ የእሷም 27 መጣ። ደብተሯን ተቀብዬ ሳየው 1480428 ብላ ጽፋለች፤ 4 እና 0 ቦታ ተለዋውጠዋል።

የአሃዞች ድምር እንዲህ ያለውን ስሕተት ፈጽሞ አይዝም፤ ቦታ ቢለዋወጡም ድምራቸው ያው ነውና። የሚይዘው ለ 11 ሲካፈል የሚተርፈው ነው። እሱን በቀላሉ ለማግኘት ወደሚቀጥለው ደረጃ እንለፍ።

ደረጃ 2፦ በግዕዝ ቁጥር ጻፉት

ይህ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። የግዕዝ አጻጻፍ ቁጥርን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረገ ይመድባል። የእኛ ቁጥር ሲመደብ እንዲህ ይሆናል፦

1 | 48 | 40 | 28

28 ማለት ፳፰ ነው። 40 መቶ ፵፻ ነው። 148 እልፍ ደግሞ ፻፵፰፼ ነው፤ እልፍ በግዕዝ አሥር ሺህ ነውና። ሲገጣጠም ፻፵፰፼፵፻፳፰ ይሆናል። ዜሮ የሚባል ምልክት የለም፤ አያስፈልግምም፣ ቦታውን ፻ እና ፼ ራሳቸው ይናገራሉ።

አሁን ምድቦቹን ደምሩ፦ 1 + 48 + 40 + 28 = 117።

መቶ ለ 99 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ እልፍም ለ 99 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ የምድቦቹ ድምር ለ 99 ሲካፈል የሚተርፈው ከዋናው ቁጥር ጋር አንድ ነው። 99 ደግሞ 9 × 11 ስለሆነ በአንድ ድምር ሁለት ፈተና ጨረስን ማለት ነው። 117 ለ 9 ሲካፈል 13 ደርሶ ምንም አይተርፍም፤ ቁጥራችን ለ 9 ይካፈላል። ለ 11 ሲካፈል ግን 7 ይተርፋል፤ ለ 11 አይካፈልም።

የተማሪዋን ስሕተት በዚሁ እንየው። 1 + 48 + 04 + 28 = 81። ለ 9 ይካፈላል፣ እንደ ዋናው። ለ 11 ሲካፈል ግን 4 ይተርፋል። ትኬቱ 7፣ ደብተሩ 4፤ ተያዘ። ረጅም ቁጥር ስትገለብጡ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ይሁን የቆጣሪ፣ ይህን አንድ ጊዜ ብትሠሩ ጎረቤት ለጎረቤት የተለዋወጡ አሃዞችን ያጋልጣል።

በነገራችን ላይ በቀሪ ማሰብ ለዚህ አገር ሰው አዲስ አይደለም። በጣና ገዳማትና በዙሪያው ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ የተማረ ሰው ዓመተ ዓለሙን (ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረውን ዓመት) ለ 4 ከፍሎ ዓመቱ የሚጠራበትን ወንጌላዊ፣ ለ 19 ከፍሎ የስሌቱ መነሻ የሆነውን ወንበር ያወጣል። ለምሳሌ ለ 2017 ዓ.ም. 5500 ሲደመር 7517 ነው። ለ 4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ማቴዎስ ነው። ለ 19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር 11። ድርሻውን ትቶ ቀሪውን መያዝ ማለት ይኸው ነው፤ እኛም ከዚህ የተለየ ነገር አንሠራም።

ደረጃ 3፦ ጫፉን እዩ

እዚህ ብዙ አንቆይም። የመጨረሻው አሃዝ 8 ነው፤ ተጋማሽ ነው፣ ለ 5 አይካፈልም። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 28 ለ 4 ይካፈላሉ፤ ስለዚህ ሙሉው ቁጥር ለ 4 ይካፈላል። የመጨረሻዎቹ ሦስት 028 ለ 8 አይካፈሉም፤ ስለዚህ 2 የሚገኘው ሁለቴ ብቻ ነው።

ጫፉ አንድ ተጨማሪ ነገር ይነግረናል። በራሱ ተባዝቶ መጨረሻው 2፣ 3፣ 7 ወይም 8 የሚሆን ሙሉ ቁጥር የለም። ስለዚህ 1484028 የማንም ካሬ አይደለም። ይህችን ሕግ ያዟት፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ደረጃ 4፦ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ቁረጡት

ከሁሉም የምወደው ደረጃ ይህ ነው። በቁጥሮች መሐል ኮማ ስናደርግ እንደምንቆርጠው ቁረጡት፦

1 | 484 | 028

መጀመሪያ ደምሩት፦ 1 + 484 + 28 = 513። ሺህ ለ 999 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ፣ እና 999 = 27 × 37 ስለሆነ፣ ይህ ድምር 27ን እና 37ን ይፈትናል። 513 ለ 27 ሲካፈል ልክ 19 ነው። ስለዚህ ቁጥራችን ለ 9 ብቻ ሳይሆን ለ 27 ይካፈላል። ለ 37 ሲካፈል ግን 32 ይተርፋል፣ አይሆንም።

ቀጥሎ ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን ደምሩ፣ አንዱን ቀንሱ፦ 28 − 484 + 1 = −455። የመቀነስ ምልክቱን እርሱት፣ 455 ይበቃናል። ይህ የሚሠራው 1001 = 7 × 11 × 13 ስለሆነ ነው። ሺህ ከ 1001 በአንድ ስለሚያንስ እንደ −1 ይቆጠራል፣ ሚሊዮን ደግሞ እንደ +1። ስለዚህ በአንድ መደመርና መቀነስ 7፣ 11 እና 13 ሦስቱም ይፈተናሉ። ለ 7 የመፈተኛ ሕግ በትምህርት ቤት ብዙም አይነገርም፤ ቢነገርም የመጨረሻውን አሃዝ እጥፍ አድርጎ መቀነስ የሚባለው ነው፣ ለረጅም ቁጥር ያደክማል። የ 1001 መንገድ ባለ ሰባቱን አሃዝ ባንድ ጊዜ ወደ ሦስት አሃዝ ያወርደዋል።

455 = 5 × 7 × 13 ነው። እንግዲህ ቁጥራችን ለ 7 እና ለ 13 ይካፈላል፤ ለ 11 አይካፈልም፣ ከደረጃ 2 ጋር ተስማማ።

ተማሪዎቼ ሁሌ የሚወድቁባት ጉድጓድ እዚህ አለች፦ «455 ውስጥ 5 አለ፣ ስለዚህ ቁጥሩ ለ 5 ይካፈላል» ይላሉ። አይካፈልም። ይህ ፈተና የሚናገረው ስለ 7፣ ስለ 11 እና ስለ 13 ብቻ ነው። ከላይ ያለው 513 ውስጥ ያለው 19ም እንዲሁ ነው፤ ስለ ቁጥሩ ምንም አይመሰክርም።

ደረጃ 5፦ አሳንሱት

አሁን ማካፈል ነው። ካልኩሌተር ተጠቀሙ፣ አላፍርበትም።

1484028 ÷ 4 = 371007
371007 ÷ 27 = 13741
13741 ÷ 7 = 1963
1963 ÷ 13 = 151

የት እናቁም? ሕጉ እንዲህ ነው፦ በእጃችሁ የቀረው ቁጥር ካሁን በኋላ ልትሞክሩት ካሰባችሁት ፕራይም ካሬ ካነሰ፣ የቀረው ራሱ ፕራይም ነው። የ 13 ካሬ 169 ነው፣ 151 ያንሳል። ከ 13 በታች ያሉት ደግሞ አንድ በአንድ ወድቀዋል፦ 2 እና 3 ተሟጠዋል፣ 5 እና 11 ከመጀመሪያውም አልነበሩም። 7 ብቻ ሁለተኛ ጊዜ እንዳለ ማየት ነበረብን፤ 151 ለ 7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። አበቃ።

1484028 = 2 × 2 × 3 × 3 × 3 × 7 × 13 × 151

ካልኩሌተር የሌለው ሰው መልሱን በማባዛት ሊያረጋግጥ ይችላል። እኔ ለዚህ የምጠቀመው በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ብዜት» እየተባለ የሚጠራውን፣ በማጋመስና በማጠፍ ብቻ የሚሠራውን ዘዴ ነው። 13 × 151ን እንየው። በግራ 13ን አጋምሱ፣ ትርፉን ጣሉ፤ በቀኝ 151ን እጠፉ፦

13 — 151
6 — 302
3 — 604
1 — 1208

በግራው ተጋማሽ የሆነውን መስመር፣ ማለትም የ 6ን፣ ሰርዙ። በቀኝ የቀሩትን ደምሩ፦ 151 + 604 + 1208 = 1963። ትክክል ነው። የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ሳይዙ ትልቅ ቁጥር ማባዛት የሚቻልበት ዘዴ ነው። ኮምፒውተርም ቢሆን በውስጡ ሲያባዛ የሚከተለው ሐሳብ ከዚህ አይርቅም፤ እሱም ማጠፍና መደመር ነው።

ደረጃ 6፦ ጠባዩን አንብቡ

ብትኑ ከተገኘ የቀረው ሁሉ በነጻ ይመጣል።

ስንት አካፋይ አለው? አንድ አካፋይ ስትሠሩ ከሁለቱ 2 ምንም፣ አንድ ወይም ሁለት ትወስዳላችሁ፤ ሦስት ምርጫ ነው። ከሦስቱ 3 አራት ምርጫ አላችሁ። ከ 7፣ ከ 13 እና ከ 151 እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምርጫ፦ መውሰድ ወይም መተው። 3 × 4 × 2 × 2 × 2 = 96። ያቺ ተራ ትኬት 96 አካፋይ አላት! ሁሉንም አንድ በአንድ ዘርዝሩ ብባል ማታ ይደርስብኛል፤ ቁጥራቸውን ማወቅ ግን አንድ መስመር ነው።

የአካፋዮቹ ድምርስ? ለእያንዳንዱ ፕራይም የሚወሰዱትን ሁሉ ደምሮ ማባዛት ነው፦ (1+2+4) × (1+3+9+27) × (1+7) × (1+13) × (1+151)። ይህ 7 × 40 × 8 × 14 × 152 = 4,766,720 ነው። ቁጥሩን ራሱን ብንቀንስለት 3,282,692 ይቀራል፤ ከቁጥሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ከራሱ ያነሱ አካፋዮቹ ሲደመሩ የሚበልጡት ቁጥር አለ፣ የሚያንሱበት አለ፣ እንደ 6 እና 28 ልክ እኩል የሚመጡለትም አለ። የእኛው ከበለጸጉት ወገን ነው።

የፈተና ጥያቄ የሚመስል ደግሞ እነሆ፦ 1484028 ካሬ እንዲሆን ቢያንስ በስንት እናባዛው? ካሬ ውስጥ እያንዳንዱ ፕራይም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይገኛል። 2 ጥንድ አላት። 3 ሦስት ናት፣ አንድ ትጎድላለች። 7፣ 13 እና 151 ብቸኞች ናቸው። ስለዚህ በ 3 × 7 × 13 × 151 = 41223 ይባዛል፤ የሚገኘውም የ 247338 ካሬ ነው።

ዘጌ ቡና ያላቸው ቤተሰቦች ያሉት አንድ ተማሪዬ «ይህን ያህል ችግኝ ቢኖረኝ በረድፍ ስተክል ጎኖቹ እኩል ወደሆኑ ካሬ የሚጠጋው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስኩዌር ሩቱ 1218 ነጥብ ምናምን ነው፤ በዙሪያው ካሉት አካፋዮች የሚቀርበው 1092 × 1359 ነው። 1092 = 4 × 3 × 7 × 13፣ 1359 = 9 × 151። ለመፈለግ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ 151 በአንዱ ወገን መሆን ስላለባት ከሷ መጀመር ይሻላል።

ደረጃ 7፦ እምቢ ያለ ቁጥር ሲገጥማችሁ

ሁሉም ቁጥር እንዲህ ገር አይደለም። በሌላ ቅዳሜ የመጣችው ትኬት 1485637 ነበረች። ጫፏ 7፣ የጥንዶቿ ድምር 142፣ የሦስት ሦስቱ መደመርና መቀነስ 637 − 485 + 1 = 153። ለ 3 የለም፣ ለ 7 የለም፣ ለ 11 እና ለ 13 የለም። 17፣ 19፣ 23… እያልን ተጓዝን። ልጆቹ ሰለቻቸው፤ አንዱ ተነሥቶ የሚያልፈውን የደንገል ታንኳ ማየት ጀመረ።

በ 17ኛው ምእተ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ለእንዲህ ያለው የተወው ዘዴ አለ። ሁለት ካሬዎች ሲቀናነሱ የሁለቱ መሠረቶች ድምርና ልዩነት ብዜት ይሆናሉ። ስለዚህ ኢተጋማሽ ቁጥርን የሁለት ካሬዎች ልዩነት አድርጋችሁ መጻፍ ከቻላችሁ ፈታችሁት ማለት ነው። አሠራሩ፦

የቁጥሩን ስኩዌር ሩት በካልኩሌተር አውጡ፦ 1218.87 ገደማ። ወደ ላይ አጠጋጉ፦ 1219። ካሬውን አውጡ፦ 1,485,961። ቁጥሩን ቀንሱ፦ 1,485,961 − 1,485,637 = 324። ይህ ካሬ ነው? የ 18 ካሬ ነው! እንግዲህ 1219 − 18 = 1201 እና 1219 + 18 = 1237።

1485637 = 1201 × 1237። በአንድ ሙከራ። በተራ ማካፈል ብንቀጥል 1201 ላይ የምንደርሰው በ 197ኛው ፕራይም ነበር። ታንኳ ሲያይ የነበረው ልጅ ተመልሶ «ድገመው» አለኝ። 1201 እና 1237 ራሳቸው ፕራይም መሆናቸውን ለማረጋገጥ እስከ 31 ያሉትን አሥራ አንድ ፕራይሞች መሞከር ይበቃል፤ የ 37 ካሬ 1369 ከሁለቱም ይበልጣልና።

ልዩነቱ ካሬ ካልሆነ ወደ 1220፣ 1221 እያላችሁ ቀጥሉ። እዚህ ላይ የደረጃ 3ዋ ሕግ ጊዜ ትቆጥባለች፦ ልዩነቱ በ 2፣ 3፣ 7 ወይም 8 ካለቀ ሳትመረምሩ እለፉት።

እውነቱን ልናገር፣ ይህ ዘዴ የሚያምረው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ነው። ከተራራቁ ከማካፈል ይብሳል። የእኔ ልማድ እስከ 100 ያሉትን ፕራይሞች መሞከር፣ ከዚያ በፌርማ ሃያ ጊዜ ያህል መሞከር፣ ካልሆነ ስልኩ ላይ ባለ ፕሮግራም ማስላት ነው።

አሃዞቹ ሲበዙ ነገሩ ሌላ ነው። 2ን 67 ጊዜ አባዝታችሁ 1 ብትቀንሱ 147,573,952,589,676,412,927 ታገኛላችሁ። አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በ 1903 (እ.ኤ.አ.) የ 193,707,721 እና የ 761,838,257,287 ብዜት መሆኑን ያሳየው በእጅ ሠርቶ ነው። ዛሬ ያን ስልክ ይፈታዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሃዞች ያሏቸው የሁለት ፕራይም ብዜቶች ግን ኮምፒውተርንም ያስቸግራሉ። በኢንተርኔት የሚላክን ምሥጢር ከሚጠብቁት መንገዶች አንዱ ይኸው ችግር ነው።

ለመለማመጃ ተማሪዋ በስሕተት የጻፈችውን 1480428ን ውሰዱ። ለ 4 እና ለ 9 ከከፈላችሁት በኋላ 41123 ይቀራችኋል። 7፣ 11 እና 13 ምንም አይረዷችሁም፤ ከ 17 ጀምሩ። በትክክል ከሠራችሁት የአካፋዮቹ ቁጥር 72 ይመጣል።